ሆዴን ላስቀንስ ስል የሰማሁት

በሰው አገር ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው ከነሻንጣው አስቀምጬ ከጌት ወደ ጌት ስገፋ እውልና አሌክሳንድሪያ ቤቴ ስደርስ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምወጣው የደረጃውን ብረት ይዤ በየፎቁ እያረፍኩ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሰማንያ ያለፋቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ስገፋ፣ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰሙና ወደ ኋላ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ቦታ እንቀያየር እንዴ?» አሉኝ። መቀለዳቸው ነው፤ ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን አድርሻቸው ስመለስ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሜ ስትወተውተኝ የኖረችውን ነገር እሺ ያልኳት። ስኳሬ አልወርድ ብሏል፣ ጉልበቴ አልቋል፣ ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል። «ጨጓራሽ በኦፕራሲዮን ይቀነስ፤ አለዚያ ልጅሽ ስትመረቅ ላታያት ትችያለሽ» ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያለችኝም እሷው ብቻ ናት።

እሺ ስል ግን ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ከባሌ በቀር ሰው አይሰማም። የኛን ሰው አውቀዋለሁ። አንዱ «ጂም ብትሄጂስ?» ይላል። ሌላው ራሱ ሁለት ክትፎ አውርዶ ሲያበቃ «አፍሽን ብትዘጊስ?» ይላል። ከሁሉም የምደብቃት ደግሞ ታላቅ እህቴን ነበር። ስልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ሐበሻ በሞላበት። በአምስት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ፣ ነገር ግን እናታችን ከሞተች ጀምሮ እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ እሷ ትተኛለች። ስለዚህ ተሠርቼ፣ ድኜ፣ በእግሬ ቆሜ ልነግራት ወሰንኩ። ባሌ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲለኝ «አንተ ብቻ አፍህን ያዝልኝ» አልኩት።

ክሊኒኩንም እዚሁ አሌክሳንድሪያ መረጥኩ። ስልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ ገብተሽ ካስነጠስሽ፣ ቤትሽ ሳትደርሺ «ይማርሽ» የሚል ስልክ ይደወልልሻል። የመጀመሪያው ቀን እንግዳ ተቀባይዋ «በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ላገናኝሽ?» ስትለኝ «አልፈልግም፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አልኳት። የአማርኛ አስተርጓሚ ማለት የሆነ ሰው የአክስት ልጅ ማለት ነው። ፎርሙን ተቀብዬ ጥግ ይዤ ሞላሁ። እናትሽ በሕይወት አለች? የለችም። በምን ሞተች? በደም ግፊት። ከቤተሰብሽ ለኦፕራሲዮን በሚሰጥ ማደንዘዣ ችግር የደረሰበት ሰው አለ? «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ አንድ ሴኮንድ እንኳን አልቆመም። ያቺ ምልክት ልትገድለኝ እንደነበር ያወቅኩት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው።

ዘጠኝ ወር የፈጀው ኢንሹራንሱ ነው። እኔ ሞኟ ኦፕራሲዮን ማለት ቀን ቆርጦ መግባት ይመስለኝ ነበር። ለካ ኢንሹራንሱ አፕሩቭ አድርጎ እንዲከፍል ስድስት ወር ተከታታይ በየወሩ ሚዛን ላይ መውጣት አለብኝ። ከምግብ ባለሙያ ጋር መቀመጥ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ አስለጥፎ ልቤን ማስመርመር፣ ሰው በካሜራ እያየኝ ተኝቼ ትንፋሼን ማስለካት፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄም ጤነኛ ነኝ ማስባል አለብኝ። ለትዳር ስታጭ እንኳን እንደዚህ አልተጠናሁም።

የምግብ ባለሙያዋ ገና ልጅ ናት፤ ሙሉ ክንዷ የኔን አንጓ ቢያክል ነው። የምበላውን በየቀኑ እንድጽፍ ደብተር ሰጠችኝ። «ምሳ፦ እንጀራ በምስር» ብዬ ጽፌ አመጣሁ።

«ስንት እንጀራ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ከባሌና ከልጄ ጋር ነው የበላሁት።»

«ያንቺ ድርሻ ስንት ነው?»

«ድርሻ የለውም፣ አንድ ትሪ ነው።»

አሰበችና «እሺ፣ ያንቺ ጎን የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። ወላሂ እንደዚህ ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ለባሌ ይህንኑ ጥያቄ ባቀርብለት «የኔ ከሚጀምርበት አንድ ስንዝር አልፎ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በተጋባን በአሥራ አራት ዓመታችን፣ በየሳህናችን መብላት ጀመርን። ልጄ ደስ አላት፤ የጓደኞቿ ቤት እንደዚያ ነው። እኔ ግን በሳህኔ ዳርና ዳር ምንም እጅ ሳላይ ስበላ ሆዴን ባር ባር ይለው ነበር።

አራተኛው ወር ላይ ረመዳን ገባ። ደብተሩ ላይ «ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም» እያልኩ ወሩን ሙሉ ጻፍኩ። የዚያ ወር የሚዛን ቀጠሮዬ የዒድ ዋዜማ ላይ ዋለ። የዒድ ዋዜማ ቤት ያላት ሴት ሚዛን ላይ አትወጣም፤ በሳምንቱ እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። በሳምንቱም ሄድኩ። በሳምንቱ ግን ወሩ ተቀይሮ ነበር። ይህ ምን ያመጣል ብዬ ረሳሁት።

ስድስቱ ወር አልቆ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተልኮ፣ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ከረምኩ። አንድ ቀን ቀጭን ፖስታ መጣ። ዲናይ አድርገውኛል፤ አይፈቀድልሽም ነው። አንደኛው ምክንያት ተከታታይ መሆን ካለበት ስድስት ወር አንዱ ይጎድላል የሚል ነው። ሁለተኛውን ግን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬም አነበብኩት። ታካሚዋ ለረጅም ሰዓት ራሷን ምግብ ከልክላ ከዚያ የመብላት ልማድ እንዳላት ከማስታወሻዋ ስለታየ፣ የአመጋገብ የአእምሮ ሕመም እንደሌለባት በድጋሚ ትመርመር ይላል። ጾሜን በሽታ አድርገውት ቁጭ! ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የጾምኩትን። ደብዳቤውን ለባሌ ሰጠሁት። በነገር ሁሉ የሚቀልድ ሰው ነው፤ አንብቦ ሲጨርስ ግን ሳይቀልድ አጥፎ መለሰልኝ።

ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ራሱ ኢንሹራንሱ ዘንድ ደውሎ ተከራከረልኝ። ጎደለ የተባለውን ወር ደገምኩ። የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ረመዳን ምን እንደሆነ አስረዳሁ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሰምቶ ሰምቶ «ውሃም አትጠጡም?» አለኝ። «ውሃም» አልኩት። ጻፈ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሰው እየገፋሁ ሳለ ከክሊኒኩ ኮል አደረጉኝ። አፕሩቭ ሆኗል፤ ቀኔም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው። የምገፋቸውን ሴትዮ ስማቸውን እንኳን ሳላውቅ ከኋላ አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። የዓመቱ ትልቁ ድንጋጤዬ ያ ቀጭን ፖስታ ይመስለኝ ነበር። ድንጋጤ ገና አላየሁም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ጠጣር ምግብ ክልክል ነው፤ ጉበት እንዲሟሽሽ ነው አሉኝ። የፕሮቲን ዱቄት በውሃ በጥብጬ መጠጣት፣ ከዚያ መረቅ፣ ከዚያ እንደገና ዱቄት። እንደዚያ ስል አሥረኛው ቀን እሁድ ዋለ፤ ሐሙስ ልገባ ነው። እቴቴ ለምሳ ጠራችን። ብቀር ትጠረጥራለች ብዬ፣ ባሌ ሺፍት ስለነበረው፣ ልጄን ይዤ ስልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ልጄ ከአክስቷ ልጆች ጋር ቤዝመንት ወረደች፤ እኔና እቴቴ ወጥ ቤት ቀረን።

ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው።

«ሆዴን አሞኛል እቴቴ፣ ይቅርብኝ» አልኩ።

ከእሷ እጅ ጉርሻ ስመልስ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊቴን አየች፣ አንገቴን አየች፣ የሰፋኝን ቀሚስ አየች።

«ከስተሻል» አለች።

«ትንሽ። ስኳሬ ነው፣ ዳየት ላይ ነኝ።»

«ካንሰር ነው አይደል?» ድምጿ ቀጠነ። «ደብቃችሁኝ ነው። ባልሽም ስደውልለት ድምፁ ልክ አልነበረም። በአላህ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አሳዘነችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሳቄም መጥቶ ነበር። «ኧረ ምንም አልሆንኩም፤ ሐሙስ ጨጓራዬን ላስቀንስ ነው» አልኳት። ኢንሹራንሱ እንዴት እንዳንገላታኝ፣ አፕሩቭ ሲሆን ሴትዮዋን እንደሳምኳቸው ነገርኳት። ስድብ ነበር የጠበቅኩት። «ሰው ደህና ሆዱን ያስቆርጣል?» ትለኛለች ብዬ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ጉርሻውን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው።

«ያስተኙሻል?» አለችኝ።

«ምን?»

«ለኦፕራሲዮኑ። ሙሉ በሙሉ ያስተኙሻል?»

«ታዲያ እያየሁ ሊቆርጡኝ ነው?»

አጠገቧ ወንበር ነበር፤ አላየችውም። ካቢኔቱን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «አትገቢም» አለች። «ሐሙስ የትም አትገቢም። እማዬ የሞተችው በማደንዘዣ ነው።»

እኔ የማውቀው ሌላ ነበር። እናታችን ደሴ ስትሞት አባታችን ቀድሟት ሞቶ ነበር፤ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ማትሪክ እየተዘጋጀሁ ነበር። መሞቷን የሰማሁት ፈተናውን ከጨረስኩ በኋላ፣ በተቀበረች በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ልጅቷ እንዳትረበሽ ተብሎ ቤቱ ሁሉ እያወቀ ዝም አለ። አጎቴ ጓዳ ገብቶ አልቅሶ ፊቱን ታጥቦ እየወጣ «በርቺ፣ አጥኚ» ይለኝ ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ደንባችን ነው። በምን ሞተች ስል «ግፊት፣ በድንገት» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሄድኩበት ፎርም ላይ ግፊት እያልኩ ሞላሁ።

እቴቴ እዚያው ወለሉ ላይ ሆና እውነቱን ነገረችኝ። እናታችን እንቅርት ነበረባት። ያን አስታውሳለሁ፤ ሻሿን አውርዳ ትሸፍነው ነበር። አያማትም፣ ከሥራ አያግዳትም። እቴቴ ልታገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የሙሽራው ዘመዶች ከወልድያ ሊመጡ ሲሉ፣ «ለሰርጌ አንገትሽ አምሮ ይታይ፣ በአላህ አስወጪው» ብላ ለመነቻት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናታችን እምቢ አለች። እቴቴ አኮረፈች፣ አልበላም አለች፣ ወር ሙሉ ጨቀጨቀቻት። በመጨረሻ እናታችን «እሺ፣ ላንቺ ደስታ» ብላ በእግሯ ሄዳ ሆስፒታል ገባች። ማደንዘዣውን ሰጧት። ገና ቢላ ሳይነካት ሰውነቷ እንደ እንጨት ተገተረ፣ ትኩሳቷ ሽቅብ ወጣ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለፈች። እቴቴ ከስንት ሰዓት በኋላ ስትዳስሳት ገላዋ ገና ያተኩስ ነበር። ከለቀስተኛው መሃል አንዷ አክስታችን፣ የእናታችን ታላቅ ወንድምም በልጅነቱ ለኦፕራሲዮን ገብቶ እንደዚሁ እንደሞተ አወራች። ለዘራችን ማደንዘዣ አይሆንም ተባለ። ተባለና ተዳፈነ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች እቴቴ። «ይህን ላንቺ በየትኛው አፌ ልንገርሽ?»

እናቴን እንደገና የቀበርኩ መሰለኝ፤ ደግሞም ሐዘኑ ሳይመጣ ቁጣው ቀደመ። «አራት ቀን ነው የቀረኝ» አልኳት። «ያን ጉርሻ ጎርሼልሽ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ሞቼ ነበር።» እየጮህኩ እንደነበር ያወቅኩት የልጆቹ ጨዋታ ከታች ጸጥ ሲል ነው።

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ ፓስፖርት የምታስቀምጥበትን ቦርሳ ይዛ መጥታ ከውስጡ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ከሆስፒታል የተጻፈላት ነው። እዚህ አገር የማህፀን እጢዋን ልታስወጣ ስትገባ አታስተኙኝ ብላ አለቀሰች። በአስተርጓሚ አስጠይቀው የእናታችንን ነገር ሰሙ፣ ደሟን መረመሩ። አለባት፤ ማደንዘዣ የሚቀሰቅሰው፣ በዘር የሚሄድ ችግር ነው። ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሰጥተው በሰላም ሠሯት፤ ስትወጣ ይህን ደብዳቤ አስያዟት። የመጨረሻው መስመር ለወንድሞችሽ፣ ለእህቶችሽና ለልጆችሽ አሳውቂ ይላል፤ በሕይወትና በሞት መካከል ሊለይ ይችላል ይላል። ለልጆቿ ሐኪም አሳውቃለች። እህቷ ግን እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ከትቼ ልጄን ጠራሁና ወጣሁ። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ልጄ በእንግሊዝኛ «ከአክስቴ ጋር ተጣላችሁ?» ስትለኝ «አልተጣላንም» አልኳት። ለባሌም ማታ ስነግረው የተናገርኩት ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደወልኩ። ለእንግዳ ተቀባይዋ ገና ነገሩን ጀምሬ ሳልጨርስ «ስልክሽን እንዳትዘጊ» አለችኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የማደንዘዣ ሐኪሙ ራሱ ስልኩ ላይ መጣ። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሲያነብ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ትናንት።»

«ፎርምሽ ላይ የለም ብለሻል።»

«አላውቅም ነበር።»

የሐሙሱ ተሰረዘ። ደሜ ይመረመራል፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ያን እናቴን የገደላትን የማደንዘዣ ጋዝ አልነካም፣ በሌላ መድኃኒት መሠራት ግን ይቻላል አለኝ። የኢንሹራንሱ ፈቃድ ሦስት ወር ይቆያል፤ ሳያልፍ እንደርስበታለን አለ። ነፍሴ መለስ አለች። ቸኩሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። አንድ ጥያቄ አለኝ አለ።

«ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት።»

«ለኦፕራሲዮን ተኝታ ታውቃለች?»

«አዎ፣ ቶንሲሏን አስወጥታለች፣ በስድስት ዓመቷ» አልኩት። እንደ ደህና ነገር ነው የነገርኩት። «ምንም አልሆነችም።»

«አንዳንዱ ሰው የመጀመሪያው ጊዜ ያልፈዋል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ሳትመረመር ማንም እንዳያስተኛት። እግዚአብሔር ይመስገን በይ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ደብዳቤውን አነሳሁት፤ ከላይ የተጻፈውን ቀን እስከዚያች ደቂቃ አላየሁትም ነበር። ልጄ ቶንሲሏ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤው ሰባት ዓመቱ ነው።

የቶንሲሉ ቀን ጠዋት ከልጄ ጋር ሆስፒታሉ ስንደርስ እቴቴ ከእኛ ቀድማ በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም ነይ አላላትም። ተስቢሕ መቁጠሪያዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻይ ብገዛላት አልጠጣችም። እጄን ይዛ አልለቅ ብላ፣ የጥፍሯ ምልክት ሁለት ቀን ቆይቶብኛል። «ቶንሲል እኮ ነው፣ ምን ሆነሻል» እያልኩ ሳቅኩባት። ነርሷ ወጥታ «ነቅታለች፣ አይስክሬም ጠይቃለች» ስትለን፣ እቴቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ በግንባሯ ሱጁድ ወረደች። ሰው ሲያየን አፍሬ ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። ለባሌ «ልጃችንን እንዴት እንደምትወዳት ባየህ» ብዬ አውርቼለታለሁ።

ለእቴቴ ደወልኩላት። ሰላምም አላልኳት።

«የልጄ ቶንሲል ጊዜ ደብዳቤው በእጅሽ ነበር?»

ዕቃ እያጠበች ነበር መሰለኝ፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ውሃው ተዘጋ።

«ነበር» አለች። «በር ላይ የጠበቅኳችሁ ልነግርሽ ነበር። እየሳቃችሁ መጣችሁ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ስትነቃ እነግራታለሁ አልኩ። ከነቃች በኋላ ደግሞ፣ ከዳነች ወዲያ ምን ያደርጋል አልኩ።»